በፖስታው ላይ ያለው ሰማንያ ሦስት

ክልሉ አዲስ በነበረ ጊዜ አሶሳ ውስጥ ማኅተም ከወንበር ቀድሞ ደረሰ። እኔ በአንዱ ቢሮ መዝገብ ቤት፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ለደብዳቤ ወጪ ቁጥር እሰጥ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ተሻምቼ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሲያነብ አይዘልም። የሚዘሉት በጊዜ የተማሩት ናቸው።

ጦርነቱ ካበቃ አምስት ዓመት እንደሆነው ከአዲስ አበባ አንድ የቴምብር ባለሙያ መጣልን። ለኤግዚቢሽን የድሮ ፖስታ ይሰበስባል ተባለ። አጉሊ መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ የመጣው ሠፋሪ ከሣጥን ሥር ያስቀመጠውን ሁሉ እያስወጣ ወደ ዓይኑ፣ ከዚያም ወደ አፍንጫው ያስጠጋል።

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ፖስታ ያሸታል» አለኝ ዘበኛችን።

ሲያሸት እንኳ ደህና ነበር። የጦር ሠራዊቱ ፖስታ ቤት ማኅተም የከተማ ስም የለውም፤ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። ባለሙያችን ግን ቁጥሩን አየት ያደርግና እንደ ጠንቋይ ቦታውን ይናገራል። «ከረን!» ይላል፤ ይጻፋል። «ምጽዋ!» ይላል፤ ይጻፋል። እኔ የሠፋሪዎቹን ደብዳቤ ሳነብላቸው የኖርኩ ነኝ። የማኅተሙን ቁጥር፣ የዘመተው ልጅ በደብዳቤው ያነሳውን አገርና የደረሰበትን ቀን በደብተር ይዤአለሁ። ከረን ያለው ደሴ ነበር። ማን ጠይቆኝ!

አንድ ጠዋት፣ አማርኛው ወንድና ሴት የማይለየው ዘበኛችን «አንድ ሴትዮ መጣ፣ ፖስታ ይዟል» አለ። ከወሎ መጥታ የሠፈረች ናት። ባሏ ዘምቶ አልተመለሰም፤ አሁን ሌላ ሰው ጠይቋታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች «ድምፁ ከጠፋ ሰባት ዓመት ካለፈው አግቢ፤ ግን የመንግሥት ወረቀት አምጪ» ብለዋታል። ያላት ባዶ ፖስታ ነው፤ ደብዳቤውን ምስጥ በልቶታል።

ባለሙያው አየት አደረገ። «ሰማንያ ሦስት። በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ሰባ አምስት። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

«የፈረንጅ መሆኑን በምን ለዩት?» አልኩት።

«እህቴ፣ እኔ ቴምብር ስሰበስብ ነው ያደግሁት። ካታሎጉ ሁሉ በፈረንጅ ነው።»

«ካታሎጉማ ይሁን። አድራሻውን አንብበውታል? በሰባ አምስት ይሄ መንደር የቀርከሃ ጫካ ነበር። ሰውየው ለቀርከሃ ነው የጻፈው?»

«ፖስታ ቤት ስህተት አያጣም» ብሎ የፖስታውን ቀን የሚመሰክር ወረቀት ጽፎ ፈረመ። ኃላፊያችንም ስልክ ጆሮው ላይ እንዳለ ፈረመ። ሴትዮዋ የባለሙያውን ጉልበት ልትስም ዝቅ አለች፤ እሱም የሚገባው ነው ብሎ ቆመላት።

ወረቀቱ ግን ያለ እኔ ቁጥርና ማኅተም አይወጣም። ሴትዮዋን ወደ ሣጥኔ ጠራኋት።

«እታለም፣ ሰውየው ተሳስቷል። ሰማንያ ሦስቱ የእኛው ነው። ባልሽ ከጻፈ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ይቀርሻል።»

ቀና ብላ አየችኝ። የሚያሳዝን ነገር የነገርኳት አልመሰላትም፤ ሞኝ ያገኘች ነው የመሰላት።

«አንቺ ሴት፣ ደብዳቤው የደረሰኝ እዚሁ ጎጆዬ ነው። በእጄ የተቀበልኩትን እረሳለሁ? መቼ መጣ ብዬ ጠየቅሁሽ? ወረቀቱን ስጪኝ ነው ያልኩሽ።»

«ቢመለስስ?»

«ከማን ጋር ሆኖ ነው የሚመለሰው? ከመንደራችን አብረውት የሄዱት ስንት ተመለሱ? ደብተርሽ ውስጥ ካለ ንገሪኝ።»

ደብተሬ ውስጥ የለም። ደብዳቤ የጻፉ እንጂ የተመለሱ አልመዘገብኩም።

ወጪ ቁጥር ሰጠኋት። ማኅተሙን መታሁት፤ ጠማማ አርፎ እንኳ ደግሜ አላስተካከልኩትም። የእኔ እጅ ያለበት፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ያወጣሁት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ያንን ሰውዬ ዛሬም የማልምረው በዚህ ነው፤ እሱ ሳያውቅ ዋሽቶ ተመርቆ ሄደ፣ እኔ አውቄ ማኅተም መታሁለት።

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

«ፖስታሽን!» ብዬ ጠራኋት።

ከበሩ አልተመለሰችም። «አንቺው ያዢው፣ እታለም» አለች። «ነገ ማንበብ የሚችል ሰው እጅ ቢገባ፣ እሱው ነው የሚመሰክርብኝ።»