ይሄይስ ያለበት ፎቶ

ይሄይስ በሚዛን ተፈሪ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ የሚገኝ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነበረ። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። መጋዘኑን ከቆለፈ በኋላ ጥቂት ሄዶ ይመለስና ቁልፉን ጎተት አድርጎ ያየዋል፤ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። ሰዎች ቢስቁበት አይከፋውም ነበር። የተቀጠረው ሊጠብቅ እንጂ ሊያምን አይደለምና።

ይህ ሰው ፎቶ ማንሣት ይወድ ነበር። ካሜራውን የገዛው ሥራውን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ ከነበረ አንድ የመንገድ ቀያሽ ሲሆን፣ ከዚያ ቀን አንሥቶ ከእሱ በቀር የነካው ሰው አልነበረም። በሚዛን ክረምት ጫማ እንኳ አልጋ ሥር ከሰነበተ ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ ይሄይስ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከምድጃው በላይ፣ ኮረሪማ በሚደርቅበት ቆጥ ላይ ያኖረው ነበር። ጓደኞቹ ፎቶ ሊነሡ ፊቱ በቆሙ ቁጥር፣ «ዛሬም ወጥ ወጥ ሸተተን» እያሉ ይቀልዱበታል።

ጓደኞቹ ሦስት ነበሩ። ጌታሁን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሰይፈዲን የስልጤ ሰው ሲሆን፣ በዋናው መንገድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። እታገኝ በጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ትሠራለች። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ መጋዘኑም አዲሱ ቡና እስኪለቀም ድረስ ባዶውን ይከርማል። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ አራቱ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ይወርዳሉ። ወንዶቹ ይዋኛሉ፤ እታገኝ እሳት አንድዳ የበቆሎ እሸት ትጠብሳለች፤ ዝናቡ ሲቀድማቸው የኮባ ቅጠል ቆርጠው ተከናንበው እየተንሸራተቱ ዳገቱን ይወጣሉ። ከዚህ የሚሻል ደስታ ይሄይስ አያውቅም ነበር፤ ማወቅም አልፈለገም።

ፎቶ ሲያነሣ ግን ቀልድ አይወድም። ኮት ይቆለፋል፣ እጅ ወደ ታች ይዘረጋል፣ ጥርስ አይታይም። ፎቶ ሰው ከሞተ በኋላም የሚቀር ነገር ስለሆነ፣ በእሱ ላይ መሳቅ ተገቢ አይደለም የሚል አቋም ነበረው።

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ጌታሁን ወደ ማሻ መዛወሩን ሰማ። ለጓደኞቹ የነገራቸው እዚያው ወንዙ ዳር፣ በቆሎውን እየጋጠ ነበር። ከዚያም ጌታሁን ወደ ይሄይስ ዞረ።

«ትናንት አልበሜን ሳገላብጥ ነበር» አለ። «ሰይፈዲን አለ። እታገኝ አለች። ያ የተገነደሰ ዋርካ እንኳ አለ። አንተ ግን የለህም፣ ይሄይስ። ማሻ ሄጄ ይሄይስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ ብል ማን ያምነኛል?»

«ጥላው አለ እኮ» አለ ሰይፈዲን። «አንዱ ፎቶ ላይ እግሬ ሥር ተጋድሟል።»

ይሄይስ ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። ማታ ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። እውነት ነው፣ የለም። የእነዚያን ሁሉ ክረምቶች ደስታ ከሩቅ ሆኖ ሲጠብቅ የኖረ እንጂ አብሮ የነበረ አይመስልም። ጌታሁን ሳይሄድ አራቱም አንድ ላይ የቆሙበት አንድ ፎቶ እንዲኖር ቆርጦ ወሰነ።

የመጨረሻዋ እሑድ ደረሰች። መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ስለነበር በከተማው ፊልም የሚባል ነገር አልተገኘም፤ ይሄይስ ያለው ካሜራው ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሰይፈዲን ሱሪና ሸሚዙን እንደለበሰ ወንዙ ውስጥ ዘሎ እየገባ «አንሣኝ» እያለ አስጨረሰው። በመጨረሻ አንዲት ፎቶ ብቻ ቀረች።

«አሁን አራታችን» አለ ይሄይስ። ከዚያ በኋላ ነበር ችግሩ የታየው። ካሜራውን በራሱ እንዲያነሣ የሚያደርገው መዘውር ድሮ ተሰብሯል። አራቱም ከቆሙ የሚያነሣ አምስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ መካከል አንዲት ጠና ያሉ ሴት አንድ ዘለላ ሙዝ በጀርባቸው አዝለው በድልድዩ ብቅ አሉ። ስማቸው ተሾመች ነበር።

«እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ትንሽ ቢያግዙን?» አለ ጌታሁን።

«ምን ልሸከም?»

«የሚሸከሙት የለም። ፎቶ ያንሡን።»

ተሾመች ሙዙን አውርደው ሳቁ። «እኔ? ይሁን፣ አሳዩኝ።»

ይሄይስ ካሜራውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ሴትዮዋን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ጫካ አየ።

«ሙዙን እኔ ዘንድ ያስቀምጡ» አለ።

«ለምን አንተ ዘንድ?»

«ካሜራዬ እርስዎ ዘንድ ስለሚሆን።»

እታገኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ኧረ በማርያም፣ ይሄይስ፣ አታሳፍረን።»

«ምን አሳፈርኳችሁ? መያዣ ነው።»

ተሾመች ግን አልተቆጡም። ጥቂት አሰቡና እግሩን በጣታቸው አመለከቱ። «መልካም፤ ሙዜ አንተ ዘንድ ይሁን። ሙዜን ይዘህ ብትሮጥብኝስ? ጫማህን አውልቀህ እኔ ዘንድ አድርግ።»

ሰይፈዲን ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ አላስቆመውም። ይሄይስ ግን ነገሩን መዝኖ ፍርዱ ትክክል መሆኑን አመነ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፣ ከሴትዮዋ እግር አጠገብ አስተካክሎ አስቀመጠ። ካሜራውን አስረከበ፤ በየት እንደሚያዩ፣ የትኛውን እንደሚጫኑ አስረዳ። ከዚያም ሙዙን ታቅፎ፣ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ፣ ኮቱን እንደቆለፈ በጓደኞቹ መካከል ቆመ።

«ጣትዎ መስታወቱን እንዳይሸፍነው» አለ።

«አልሸፈነም።»

«ቀጥ አድርገው ይያዙት።»

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል። መቆሙ ያንተ ሥራ ነው፣ ማንሣቱ የኔ።»

ካሜራው ቀጭ አለ። ተሾመች ካሜራውን መለሱ፣ ይሄይስም ሙዙን መለሰ፤ ጫማውንም ተረከበ። ጌታሁን ከዘለላው ጥቂት ሙዝ ልግዛ ቢላቸው ገንጥለው በነጻ ሰጡትና ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ከወፍጮው አጠገብ እንደሆነ ነግረው ሄዱ።

ጌታሁን ማሻ ገባ። መንገዱ ሲከፈት ይሄይስ ፊልሙን በአንድ ሾፌር እጅ ለእጥበት ወደ ጅማ ላከ። እስኪመለስ ድረስ ሰላም አልነበረውም። ሴትዮዋ ሰማዩን አንሥተው ይሆናል፤ የአራቱንም ጭንቅላት ቆርጠው አስቀርተው ይሆናል፤ ሾፌሩም ጥሎት ይሆናል። መናኸሪያው አጠገብ ባለፈ ቁጥር ስለ ፖስታው ይጠይቅ ነበር።

ፖስታው መጣ። ሰይፈዲንና እታገኝ ሱቁ ውስጥ አጠገቡ ቆመው ሳለ ከፈተው። ፎቶው ትንሽ ዘመም ብሏል፤ አራቱም ግን ሙሉ ናቸው። ሰይፈዲን ጉልበቱን ይዟል። እታገኝ አፏን በእጇ ለመሸፈን ዘግይታለች። ጌታሁን የይሄይስን ትከሻ ተደግፎ እንባውን ይጠርጋል። ይሄይስም በመካከላቸው፣ ባዶ እግሩን፣ ሙዙን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ጥርሱ እስከ መንጋጋው እየታየ ይስቃል።

«ስቄ ነበር እንዴ?» አለ።

«አላወቅክም?» አለች እታገኝ።

አላወቀም ነበር። ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ኮቱን እንደ ቆለፈ በመገኘቱ ደስ አለው፤ በሌላውም ነገር ቅር አላለውም። ሌሎች ቅጂዎች እንዲታተሙ አደረገ፤ አንዱን ወደ ማሻ ላከ፤ አንዱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ካሜራውን አንግቶ ወደ ወንዙ ማዶ ወረደ።

ተሾመች በረንዳቸው ላይ ጎደሬ እየላጡ ነበር። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ፎቶውን ተቀበሉ። አራቱንም በየተራ እየነኩ ለዩአቸው። ከዚያም ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ እንደገና ፊቱን መለሱ።

«እኔስ የታለሁ?» አሉ።

ያነሣው ሰው ፎቶው ውስጥ እንደማይገባ ይሄይስ ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተና ተወው። ይህን ነገር ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

«አሁን ይነሣሉ» አለና ካሜራውን ከአንገቱ አወረደ።

«በዚህ ልብስ? ቆይ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። የሣጥን ክዳን ሲከፈት፣ ከጎረቤት ማበጠሪያ ለመዋስ ሲጣሩ ይሰማል። ደመናው ከተራራው መውረድ ጀምሯል፤ ብርሃኑም ብዙ አይቆይም። ይሄይስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጦ፣ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ሳይቸኩል ጠበቃቸው።