የግራው ስፒከር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ናሆም ሮተርዳም ቤታችን ሳሎን ውስጥ ስፒከር ሲተክል ዋለ። ሁለቱን ከኋላዬ ግራና ቀኝ አቁሞ፣ «አባዬ፣ የግራው ይሰማሃል?» አለኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ አማቴ ሳሎን ሄዶ ነበር።

ያኔ ባለቤቴን ሂሩትን ላገባ ልቤ ቆርጧል፤ አባቷ ጋሽ መኮንን ግን ገና አላመኑብኝም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሊፈትኑኝ ይሁን አላውቅም፣ አዲስ የገዙትን ሆም ቲያትር እንድተክልላቸው አስጠሩኝ። ኤሌክትሪክ አውቃለሁ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበራ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ያስመልጣል።

ታኅሣሥ ነው፤ ዴንሃግ ዝናብና ንፋስ። ከትራም ወርጄ የገዛሁት ኦሊቦለን ትኩስ ዘይቱ ከረጢቱን አልፎ እጄን አራሰው። እኛ አገር ቢሆን ቦምቦሊኖ የምንለው ነው። ስደርስ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ሶፋዎቹ እንደ ደንባችን ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተደርድረዋል። መመሪያው ግን ሰሚው መሐል ይቀመጥ፣ ሁለቱ ስፒከሮች ከኋላው ይሁኑ ይላል። የጋሽ መኮንንን ሶፋ ወደ መሐል ሳብኩት።

«ለእንግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ልቀመጥ?» አሉ። ቅር እያላቸው ተቀመጡ።

ስፒከሮቹን አንድ በአንድ አሰማኋቸው። «የግራው አይሠራም» አሉ። ድምፁን ጨመርኩ፤ ለኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«አይሠራም አልኩህ እኮ! ምን ዓይነት ባለሙያ ነህ?»

ሂሩት የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ይሠራል ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋሽ መኮንን ዕድሜያቸውን ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጆሮ በሚያደነቁር ሞተር ሥር ሻንጣ ሲጭኑ ነው የኖሩት፤ ሲያወሩኝም ሁልጊዜ በቀኛቸው ያስቀምጡኛል። ለክብር ይመስለኝ ነበር፣ ሞኙ።

እውነቱን ብናገር እሳቸውን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው። ብዋሽ ደግሞ ሥራ የማያውቅ ጉረኛ ሆኜ ሂሩትን ላጣ ነው። አንዱ እንግዳ «ኧረ ይሠ—» ሲል ቀደምኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ፤ ሽቦውን በቅጡ አላሰርኩትም።»

እንግዶቹ ሳቁብኝ። ጎንበስ ብዬ ሽቦ የነካካሁ መሰልኩ፤ ከዚያ ሶፋውን ወደ ግራው ግድግዳ መልሼ ሁለቱንም ስፒከሮች በቀኛቸው አደረግኩ። «አሁን ሠራ» አሉ።

ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። «ሽቦው ደህና ነበር፣ አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። አንገቴን ደፋሁ። ትከሻዬን መታ አደረጉና «ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም።

«አባዬ፣ የግራውስ?» ናሆም ደገመ።

ግራ ጆሮዬ ከደከመ ዓመት አልፎታል። የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«በደንብ ይሰማኛል» አልኩት።

ሂሩት በግራዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ ዞራ በቀኜ ተቀመጠች።