ከስክሪኑ የጠፋው ቅኔ

ሞጣ ላይ ከባልንጀራዬ ጋር በአንዲት ኮምፒውተር የጽሕፈት ሥራ ስንሠራ፣ የተጻፈውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነበር የምደረድረው። ውሉም፣ ማመልከቻውም፣ የሠርግ መጥሪያውም ፊት ለፊቴ። እኔ ያላየሁትን አላምንማ! ባልንጀራዬ «ኧረ ይሄን ዝርክርክ ሰብስቢው፣ ማሽኑ ተንቀራፈፈ እኮ» ትለኛለች። ማን ሰምቷት!

ለለቅሶ ቢቸና ሄጄ በሳምንቴ ተመለስኩ። እሷ ለምሳ ወጥታለች። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ስክሪኑ ባዶ። ሌላው ይቅር፤ እኔን ያስደነገጠኝ የቅኔ መምህሩ የየኔታ ሥራ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ በቃላቸው እያሉላት፣ እሷ ክረምቱን ሙሉ ስትጽፍላቸው ከርማለች። ወረቀት የለ፣ ሌላ ቅጂ የለ። በማግስቱ ደብረ ኤልያስ ላሉት ተማሪዎቻቸው ሊልኩት ይመጣሉ።

ያላሰብኩት የለም። ከማዶ ሌላ የጽሕፈት ሥራ ቤት ተከፍቷል፤ ከባለቤቱ ጋር ስትሳሳቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አልኩና ትታው የሄደችውን ቦርሳ በረበርኩ። ፍላሽ አገኘሁ። ሰክቼ ባየው መዝሙር ብቻ! እሱም አላሳመነኝም፤ «ሰጥታው ሲያበቃ አጥፍታዋለች» አልኩ።

ገና ከበር ስትገባ፣ ደንበኞች ፊት፣ «የየኔታን ቅኔ ለማን ሰጠሽው?» አልኳት።

የተበረበረ ቦርሳዋን አየች። እንደቆመች ማውሱን ይዛ፣ እኔ ነክቼው የማላውቀውን የዲስኩን ሌላ ክፍል ከፈተች። ፎልደር በፎልደር ሆኗል፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ…

«ሰው ሥራውን ሲጠይቅ ‹በሚካኤል ለት የሰጠኋችሁ› አይደል የሚለን? ባመጡበት ቀን ደለደልኩት። የኔታ የጀመሩት በጊዮርጊስ ነው» አለችና ጊዮርጊስን ከፈተችው። ቅኔው አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል። «ስትመጪ ደስ ይበልሽ ብዬ ነበር» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ሄድኩ። በሩን አልከፈተችልኝም። አፈርኩ፤ በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ የኔታ በወረቀት ያተምኩላቸውን ቅኔ ተቀብለው እቅፍ አደረጉት። «ያቺን ልጅ ጥሪልኝማ፣ ልመርቃት» አሉ።

«ታማለች፣ የኔታ።»

ደነገጡ። ወዲያው ብድግ ብለው እንዲምራት ጸሎት ጀመሩላት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አሜን እል ነበር።