ባለ ሚዳቋው ሹራብ

ቅናቴን ከማንም ደብቄ አላውቅም። ብደብቀውም ፊቴ ላይ ይነበባል ይሉኛል። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ቲሸርትና ሹራብ ላይ ጽሑፍና ሥዕል እያተምኩ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከበሬ ፊት ለፊት፣ ያንኑ ሥራ የምትሠራ ሴት ነበረች። መንገዱ ጠባብ ነው። እኔ ሳስነጥስ እሷ ከቤቷ ሆና "ይማርሽ" ትለኛለች። እሷ ስታስነጥስ ግን እኔ ያልሰማሁ እመስል ነበር።

ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ወደ የመን ከሚሻገሩ ልጆች ጋር ከደብረ ብርሃን አካባቢ መጥታ፣ ወባ ጥሏት ጓደኞቿ ጥለዋት ሄዱ። ሰው አምጥቶ እኔ በር ላይ አስቀመጣት። ፍራሽ ዘረጋሁላት፣ ሾርባ ሠራሁላት፣ ስትድን ደግሞ ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ ቀለሙ የሚያልፍበት ወንፊት እንዴት እንደሚታጠብ፣ የማተሚያው ሙቀት ስንት ሲደርስ ጨርቁ እንደሚያር አሳየኋት። ሁለት ዓመት አብራኝ ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ፣ ፊት ለፊት ያለችው ቤት መለቀቋንና ልትከራያት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በአፌ "እሰይ፣ ይቅናሽ" አልኩ። ሆዴ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ይቅናሽ እንዳልኳትም ሥራዋ ቀናት። ደንበኛ ከኔ በር ቆሞ ዋጋ ጠይቆኝ፣ ዓይኑ ወደ ማዶ ሲሄድ አየዋለሁ። እኔን "እትዬ" ይሉኛል፣ እሷን "እህቴ"። በዕድሜ የምበልጣት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። አንድ የወደብ ጫኝ፣ ለስንት ዓመት የኔ ደንበኛ የነበረ፣ ከሷ ቤት ላስቲክ ይዞ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ላስቲኩን ከጀርባው ሸሸገው። ሚስቱ ሌላ ሴት ቤት ያገኘችው ነበር የሚመስለው። እኔም ራሴን እንደ ሚስቱ ቆጥሬ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳሁት።

አንድ ነገር ላይ ግን ማንም አይደርስብኝም እል ነበር፤ ማርካ መምረጥ ላይ። ያልታተመበትን ልብስ የምንገዛው ካርቲየ 1 ካለ ሽማግሌ የመናዊ ነጋዴ ነው። ከዱባይ በካርቶን ይመጣለታል። አንገቱ ላይ የተጻፈውን ስም የሚያነብ የለም፤ ሁላችንም በሥዕሉ ነው የምንጠራው። ባለ መርከቡ፣ ባለ ዘንባባው፣ ባለ ሁለት ኮከቡ። ባለ መርከቡ ቲሸርት ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ ከታጠበ አንገቱ ይለጠጥና ለባሹ ተጣልቶ የመጣ ይመስላል። ባለ ዘንባባው ንጹሕ ጥጥ ነኝ ይላል፣ የጅቡቲ የቧንቧ ውኃ ከነጨውነቱ ሲነካው ግን አንድ ስንዝር ያጥራል፤ ጎልማሳ ሰው እምብርቱ ይታያል። ባለ ሁለት ኮከቡ ሻካራ ነው፣ መልኩም አይስብም፣ ነገር ግን ቀለም ይይዛል፣ ቅርጹንም አይለቅም።

ይህን ሁሉ የማውቀው በዘፈቀደ አይደለም። አዲስ ማርካ ሲመጣ አንድ ገዝቼ ከጠርዙ ክር እመዝና በክብሪት አቃጥለዋለሁ። እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠብ ካለና እንደ ዶቃ ከደረቀ ፕላስቲክ አለበት። ከዚያ አምስት ጊዜ አጥቤ ጣራ ላይ አሰጣዋለሁ፣ በስንዝር እለካዋለሁ፣ ውጤቱን ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። ካርቶኑ ከማተሚያው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ሰው አንብቦት እንዲደነቅ ነው የሰቀልኩት። ያነበበው ግን የለም።

እሷ ምንም አታቃጥልም። ልብሱን አንስታ ጉንጯ ላይ ታስነካዋለች፣ በቃ። ደንበኛ ሲመጣ እኔ "ስንት ነው፣ ልኩስ?" ስል፣ እሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው "የት ነው የምትለብሱት?" ብላ ነው። ከማዶ ስሰማት እስቅ ነበር። ልብስ የት ይለበሳል፤ ገላ ላይ ነዋ።

በአንዱ ዓመት መስከረም ላይ፣ ሙቀቱ ገና አልበርድ ብሎ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሾፌሮች የዕድር ዳኛ ወደ ሰፈራችን መጡ። ጢማቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ኅዳር ከዕድሩ አባላት አንዱ መኪናው ተገልብጦ ሞቶባቸዋል። ሙት ዓመቱ ደብረ ብርሃን፣ እናቱ ዘንድ ይወጣል። አርባ ሾፌር ተራውን አስተካክሎ ለዚያ ቀን ሊደርስ ተስማምቷል፣ ሁሉም ፎቶው የታተመበት አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሶ። እናቱ ሌላ ልጅ የላትም አሉ።

"ግቢ ስንገባ" አሉኝ፣ "ልጇ ከአርባችንም ደረት ላይ ቀና ብሎ እንዲያያት ነው የምንፈልገው።"

ይህን ሲሉ እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው። ወዲያው ደግሞ ከኔ ወጥተው መንገዱን ተሻግረው ለሷም ያንኑ ሲነግሯት ሳይ እንባዬ ደረቀ። ሁለታችንም ናሙና ይዘን መኪኖቹ ወረፋ ወደሚይዙበት ዶራሌ ወደብ እንድንመጣና ሾፌሮቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ነው የፈለጉት።

ሹራብ ጅቡቲ ውስጥ ለማን ይሸጣል ይል ይሆናል የማያውቅ ሰው። ለሾፌሮች ነዋ፤ እዚህ በላብ ተጠምቀው ጭነው፣ በሁለተኛው ቀን ደጋ ይወጣሉ። የመናዊው ዘንድ ያኔ ሁለት ማርካ ነበር። ባለ ተራራው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ጸጉራም፣ ላዩ ግን ቶሎ ድብልብል ያወጣል፤ ፎቶ ሲታተምበት ፊቱ በጉም ውስጥ ያለ ይመስላል። ባለ ሚዳቋው ስስ ነው፣ ላዩ ልስልስ። ፎቶውን ሞከርኩበት፤ የሟቹ ቅንድብ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። አምስት ጊዜ አጠብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ካርቶኑ ላይ ከባለ ሚዳቋው አጠገብ ሁለት ምልክት አደረግኩ። ለማንም ሁለት ምልክት ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ዶራሌ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን መንገዱን ተሻግራ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ሹራብ አየች፣ እንደ ልማዷ አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ቆይታ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ ይሄን አትስጫቸው" አለች። "በኅዳር እዚያ ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ይሄ ምንም አያደርግላቸውም።"

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ጅቡቲ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ውርጭ የሚሉትን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን አለማወቄ አልነበረም ጆሮዬን የደፈነው። ደስታ ነው። ቀናች አልኩ በልቤ። ይኸው በመጨረሻ እሷም በኔ ቀናች፣ ፎቶው ጥርት ብሎ ሲወጣ አየችና አንጀቷ አረረ። ስንት ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩት ነገር እሷንም ነካት ብዬ ደስ አለኝ። የራሷን ዕቃ እንድትጠብቅ ነግሬ ሸኘኋት። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ዶራሌ የሄድነው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እሷ ባለ ተራራውን፣ እኔ ባለ ሚዳቋውን ይዘን። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሁሉም ወረፋ ይዘው ስለሚተኙ እናገኛቸዋለን ብዬ። መኪኖቹ እስከ ዓይን ማድረሻ ተሰልፈዋል። ሾፌሮቹ ሽርጥ ታጥቀው፣ ደረታቸውን ገልጠው፣ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ተጋድመዋል። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። እሷ የዕድሩን ዳኛ ቀድማ አነጋገረቻቸው፤ የሷንም የኔንም ናሙና አንድ ዛሬ የሚወጣ ሾፌር ይዞ ይሂድ፣ ደጋ ላይ ሁለቱንም በየተራ ለብሶ ይሞክርና ተመልሶ ይንገረን አለች። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐሳቡ ገብቷቸዋል። እኔ ጣልቃ ገባሁ። ሾፌሩ ሄዶ እስኪመለስ የመናዊው ሹራቡን ለሌላ እንደሚሸጠው፣ አርባ ፎቶ ማተምም የአንድ ቀን ሥራ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። "እዚሁ ይልበሱትና ይምረጡ" አልኩ።

ለበሱት። ባለ ተራራውን ያጠለቀ አንድ ጎረምሳ ሾፌር ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጭንቅላቱ ውስጡ እንደተቀረቀረ አወለቀው፤ ልብስ ነው ወይስ ምድጃ ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ባለ ሚዳቋውን ሲያዳርሱት ግን በእጃቸው እያሻሹ ፎቶውን አተኩረው አዩ። አንዱ የሟች ጓደኛውን ፊት በአውራ ጣቱ ነካው። እሷ አንዴ ብቻ "ወንድሞቼ፣ የምትለብሱት እኮ እዚህ አይደለም" አለች። ደገኞች ናቸው፤ ብርዱን ከሷም ከማንም በላይ ያውቁታል። ግን ላብ በጀርባው የሚወርድ ሰው ምኑን ብርድ ያስታውሳል። እጅ ሲወጣ ለኔ ወጣ። እሷ ባለ ተራራዋን አጣጥፋ በላስቲክ ከተተች። ስንመለስ አንድ ታክሲ ውስጥ ነበርን፤ እኔ መንገዱን ሙሉ አወራሁ፣ እሷ በመስኮት ታያለች።

አርባውን አተምኩ። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለኝም። አንዱ ፎቶ ላይ የጆሮው ጫፍ ትንሽ ስለደበዘዘ ሹራቡን ጥዬ በሌላ ተካሁት። ሲያልቁ ደጃፌ ላይ አሰጣኋቸው፤ አንድ ሰው አርባ ጊዜ ወደ ማዶ፣ ወደሷ በር ያያል። በነፍሴ አያስጠይቀኝ፣ እንዲያይልኝ ነበር የፈለግኩት።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ ረፋድ ላይ፣ የዕድሩ ዳኛ አንዱን ሹራብ ታጥቦ ታጥፎ በእጃቸው ይዘው መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። እሷ በሯ ላይ ገመድ ወጥራ ቲሸርት ታሰጣ ነበር፤ ከኛ ስድስት እርምጃ ብትርቅ ነው።

በቁጣ አልነበረም የነገሩኝ። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ሣሩ እንደ ጨው ነጭቶ፣ እግራቸው ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር አሉ። ቆላ የለመደ ገላቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ አንዱ ጃኬት ደረበ፣ ቀጥሎ ሌላው ከዘመድ ጋቢ ለመነ። ቅዳሴው አልቆ ከመቃብሩ ዘንድ ሲሰለፉ ፎቶው የሚታይ አንድ ሰው አልነበረም። አርባውም ተከናንበዋል። እናቱ ልጅሽን ደረታቸው ላይ ይዘውት እየመጡ ነው ተብላ ሌሊቱን ስትጠብቅ ነው ያደረችው። ወደ ሰልፉ መጣች። ከፊተኛው ሰው ጀመረችና በገዛ እጇ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች፣ መልሳ ሸፈነችው፣ ወደሚቀጥለው አለፈች። እንዳይበርደው ነው የሸፈነችው አሉ። እንደዚያ እያደረገች እስከ ሰልፉ መጨረሻ ሄደች።

ሹራቡን ጉልበታቸው ላይ በመዳፋቸው አስተካከሉት።

"እኛን ሙቀቱ አጃጃለን" አሉ። "ግን እትዬ፣ ልብስ የእናንተ ሥራ አይደለም? እዚያ እኮ ብርድ ነው ያለሽ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?"

ዶራሌ ላይ የተናገረችውን ረስተውታል፤ ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ፎቶው ላይ ነበር። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ የነገረችኝን ግን ከኔና ከሷ በቀር የሰማ የለም። ማዶ እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆሟል። መስማቷን አውቄያለሁ።

"ማንም አላለኝም" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የያዘችውን ቲሸርት ገመዱ ላይ አስተካክላ ሰቀለች፣ ቤት ገባች፣ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ መንገዱን ተሻግራ ለዳኛው ሰጠቻቸው። ስለ እናትየዋ ጠየቀቻቸው፣ እግዚአብሔር ያጽናት አለች፣ ብርጭቆውን ተቀብላ ተመለሰች። ስለ ሹራቡ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ያን ቀንም፣ ጎረቤት ሆነን በኖርንባቸው በቀሩት ዓመታትም።

በዚያች ሴት በስንት ነገር ቀንቻለሁ፤ በእጇ፣ በደንበኞቿ፣ "እህቴ" በመባሏ። ያን ቀን ግን በዝምታዋ ቀናሁ፣ ይሄኛው ደግሞ እስካሁን አልለቀቀኝም። በሷ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ ዝም አልልም ነበር።