በስሜ የተሰለፈችው እህቴ

ባለፈው ሳምንት ወገቤ አላስቀምጥ አላስቆም ቢለኝ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ወጥቼ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ካለው መድኃኒት ቤት አንድ የጡንቻ ቅባት ገዛሁ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ አጎንብሳ የምትውል ሴት ወገቧን ቢያማት አይገርምም፤ የገረመኝ ክዳኑን ስከፍተው አፍንጫዬን የሰነፈጠው ሽታ ነው። ያ ያቃጥል ይሁን ያቀዝቅዝ የማይለይ፣ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ፣ ቡሬ ከተማ ዳር እናታችን ቤት፣ እህቴ አንጓች እግሯን ዘርግታ ባቷን ከምታሽበት መደብ አጠገብ አስቀመጠኝ።

አንጓች በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን እኔ ድክ ድክ ስል ስለሞተ፣ ያሳደገችን እናታችን ናት፤ በርበሬ ከገበሬ እየሰበሰበች፣ ግቢ ውስጥ አስጥታ እያደረቀች ትሸጥ ነበር። ኅዳር ላይ ግቢያችን ከአጥር እስከ አጥር በርበሬ ለብሶ ቀልቶ ይውላል፤ ማስነጠስ ለኛ ቤት እንደ መተንፈስ ነው። ታዲያ እህቴ፣ ቡሬን በሚያህል አገር ሜዳ የጠፋ ይመስል፣ የጨርቅ ኳሷን የምትለጋው እዚያው በርበሬው ዳር ነበር። አንድ ቀን በግራ እግሯ የመታችው ኳስ በርበሬው መሐል ወድቆ አቧራውን ቢያስነሳው፣ ነፋሱ ተቀብሎ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤታችን ወደ መሪጌታ ግቢ አሻገረው። ዜማ ያጠኑ የነበሩት ተማሪዎቻቸው ቃሉን ከአፋቸው ጥለው ሳል ጀመሩ፤ እሳቸውም እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ደጃችን ቆሙና እናቴን፣ «ይቺ ልጅ ወይ ትዳራለች፣ ወይ ትሰደዳለች እንጂ እዚህስ አትበረክትም» አሏት። እናቴ ይቅርታ ጠየቀች፤ እህቴ ከጓዳ ሆና አፏን ይዛ ትስቃለች።

እኔ ኳስ አልወድም ነበር። የኔ ሥራ ሜዳው ዳር ተቀምጬ፣ እሷ ቁምጣዋን ብቻ አስቀርታ የጣለችውን ቀሚስ ጭኔ ላይ አጣጥፌ መጠበቅ ነበር፤ እየጠበቅሁም ሒሳብ እሠራለሁ። ሒሳብ የምወደውን ያህል ምንም አልወድም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን ከትምህርት ቤታችን ሁለተኛ ወጣሁና እናቴ ካርዴን በፌስታል ጠቅልላ ከሣጥኗ ሥር አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ስሜ የኔነሽ ነበር።

በዚያው ክረምት መግቢያ ፍኖተ ሰላም ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተደረገ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አሰልጣኝ ለታዳጊ ሴቶች ቡድን ልጆች ይመለምል ኖሮ፣ አንጓች ሦስት ተከላካይ አልፋ ስታገባ አይቶ ጠራት። ዕድሜዋን ጠየቃት። እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቡድኑ ደግሞ ከአሥራ ሰባት በታች ነው። «አሥራ አራት» አለችው። አሥራ አራት እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ፣ እጇ ላይ ያለውን አረፋ እያየች፣ «የኔ፣ ስምሽን አውሽኝ» አለችኝ።

ሳቅሁ። ቀና ብላ ስታየኝ ግን እንደማትቀልድ ገባኝ።

«ለአንድ ዓመት ነው። ቡድኑ ውስጥ ከገባሁ በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ለምትስም ሰው ነጠላ የማውስ መሰለኝና እሺ አልኩ። እንዲያውም ኮራሁ፤ ያን የመሰለ እግር ያላት ልጅ ከኔ የምትፈልገው ነገር መኖሩ ደስ አለኝ። እናቴ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ዕድሜዬ የተጻፈበትን ካርዴን ከሣጥኑ አውጥታ ለእህቴ ሰጠቻትና፣ «አንቺ በጭንቅላትሽ የትም ትደርሻለሽ፤ እሷ ከእግሯ በቀር ምን አላት?» አለችኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳላመጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

መስከረም ላይ ዘጠነኛ ልመዘገብ ስሄድ ዋናውን ካርድ አምጪ ተባልኩ። ካርዱ ከእህቴ ጋር አዲስ አበባ ነው። ለከርሞ ይደርሳል ተባለ። ለከርሞ እህቴ በስሜ ፓስፖርት አወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ የሚመለስ ነገር አልሆነም። እናቴ፣ ሁለት የኔነሽ ከአንድ ቤት ከታዩ ልጄን ይመልሱብኛል ብላ ፈራችና ምላሷን ታሠለጥን ጀመር። መጀመሪያ ላይ እኔን ልትጠራ «የኔ…» ትልና አንገቷን ደፍታ «አንጓች» ብላ ታርመዋለች። ለፋሲካ ስንደርስ መሳሳቱን ተወችው። እኔም ጊዜዬ ሲደርስ የቀበሌ መታወቂያ ያወጣሁት አንጓች ተብዬ ነው፤ በእጄ የቀረው ትምህርትም እሷ በአሥረኛ ክፍል የወደቀችበት ወረቀት ሆነ። ልብስ ስፌት ተማርኩ፣ ፍኖተ ሰላም ተዳርኩ፣ ወለድኩ። ባሌም ልጆቼም የሚያውቁት አንጓችን ነው።

እህቴ ግን ተጫወተች። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ታንዛኒያ፣ በመጨረሻም በረዶ አገር፣ ስዊድን። አንድ ጨዋታዋን በባሌ ስልክ አየነው፤ ጎል አገባችና ጨዋታውን የሚያስተላልፈው የዚያ አገር ሰውዬ ስሜን አንደበቱ እየተንተባተበ በሙሉ ድምፁ ጮኸው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ፤ ግን የተጠራሁ መስሎኝ ከተቀመጥሁበት ብድግ ብዬ ነበር። በየሳምንቱ ስትደውል «የኔ፣ እንዴት ነሽሳ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፤ በዓለም ላይ በእውነተኛ ስሜ የምትጠራኝ ሰው እህቴ ብቻ ሆነች። አንድ ቀን ለዘመድ ተዝካር ቡሬ ተሰብስበን ሳለ መሪጌታ አርጅተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «የኔነሽ ያልናትስ የሰው ሆና ቀረች» አሉ። ሰዉ ባሕር ማዶ ላለችው አዘነ፤ እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር። እናቴ ተነሥታ ወጣች።

ለእህቴም ቢሆን የተዋሰችው ነገር አልበጃትም። ጉልበት ወረቀት አያነብም። በኔ ዕድሜ ሃያ ስድስት ሲሞላት በራሷ ሠላሳ ነበረች፤ የጉልበቷ ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። «ሐኪሙ፣ ጉልበትሽ ካንቺ ያረጀ ነው አለኝ» ብላ ነገረችኝ፤ «ሳቅሁ፣ ለምን እንደሳቅሁ ለማንም አልገባውም።» ከዚያ በኋላ ቡድኑ ውሏን አላደሰላትም። እዚያው ቀርታ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወደ አገር ልምጣ ስትል፣ በየትኛው ስሜ ትልና ትተወዋለች።

ያለፈው ዓመት ክረምት እናታችን እኔ ቤት ታመመች። መንገዱም ኔትወርኩም ተዘግቶ ነበርና ለእህቴ መንገር አልተቻለም። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ «የኔነሽ» ብላ ተጣራች።

ለሃያ ዓመት በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። እጇን ያዝኩና፣ «አቤት እማ፣ እዚህ ነኝ» አልኳት።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። አልቃዠችም፤ ደኅና አድርጋ ነው ያየችኝ።

«አንቺን አይደለም አንጉዬ» አለችኝ፣ ጉንጬን እየዳሰሰች። «የኔነሽን ነው። መጣችሳ?»

«እየመጣች ነው» አልኳት። በማግሥቱ ሞተች። ካፏ የወጣ የመጨረሻ ስም እሱ ነበር።

ስልክ ሲከፈት ዐርባዋ አልፎ ነበር። እህቴ ሰምታ፣ ጮኻ ጮኻ ከደከማት በኋላ፣ «መጨረሻ ላይ ማንን ጠራች?» አለችኝ።

ሁሉን እንደነበረ ልነግራት እችል ነበር። «የኔነሽን ነው የጠራች» አልኳት።

በኛ በሁለታችን መካከል የኔነሽ እኔ ነኝ። «ደግ አደረገች» አለች። «ላንቺ ነው የሚገባው። እኔማ ምን ሆኜ።»

አይደለም፣ አንቺን ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያልኩት ቃል በቃል እውነት ነው፤ ግን ስሜን ለአንድ አፍታ ለማስመለስ ብዬ እህቴን የእናቷን የመጨረሻ ቃል ነሳኋት። አሁንም በየሳምንቱ ትደውላለች። «የኔ» ትለኛለች፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ አቤት ለማለት አፌ እንቢ ይለኛል።