የጋሽ ጫሬ ቤት ከፊት ሲታይ

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ነው... አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሮዬ ውስጥ። ሥራዬ በኮምፒውተር የቤት ዲዛይን መሥራት ነው።

ጋሽ ጫሬ ከልጃቸው ከምሕረት ጋር መጡ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲያለሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የጭቃ ቤታቸውን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ነው። ክንዷን ይዘው ነው የገቡት። «ጉልበቱን ያመዋል» አለችኝ።

ፕላኑ አልቋል። የቀረው ኤሌቬሽን የምንለው ነው... ቤቱ ከመንገድ ሲታይ ፊቱ ምን እንደሚመስል። ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና ስክሪኑ ላይ እያሳየሁ መሥራት ጀመርኩ።

እንደሳቸው ደስ የሚል ደንበኛ አይቼ አላውቅም። በረንዳውን አሰፋሁ፤ «አምሯል!» በሩን አረንጓዴ ቀባሁት፤ «ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ነው የፈለግኩት!» ሌላው ሰው አንዷን መስኮት ስንቴ ነው የሚያስቀይረኝ። እኔም ሞቅ አለኝና ግድግዳው ላይ የጣሪያውን ጥላ ሁሉ ጨመርኩበት።

ድንገት ስክሪኑ ድርግም አለ። ገመዱ የላላ ነው፣ ጠረጴዛው ሲነካ ይጠፋል። ምንም ሳልል ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ገመዱን መነካካት ጀመርኩ።

ከላይ የጋሽ ጫሬ ድምፅ ይሰማኛል።

«አሁን ገና ቤት መሰለ! ይቺን መስኮት ግን ትንሽ ከፍ አድርጋት።»

ቀና አልኩ። ጣታቸውን ወደ ጥቁሩ ስክሪን ቀስረዋል።

ምሕረት ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! ቀልድህን አትተውም?»

እሳቸው አልሳቁም። «የምን ቀልድ? መስኮቷ ዝቅ ብላለች እኮ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። እኔን አየችኝ... ስክሪኑን አየች... እንደገና እኔን አየችኝ። ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አባዬ... ስክሪኑ እኮ ጠፍቷል።»

ጣታቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«የግራው ዓይኔ ቆይቷል። የቀኙ ከፋሲካ ወዲህ ነው... ብርሃን አያለሁ። ሰው ሲያልፍም ጥላው ይታየኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግራችሁ ቤቱ ይቅርና መጀመሪያ ሕክምና ልትሉ። እናንተ ከያላችሁበት ስትመጡ የምታርፉበት ሳልሠራ...» አልጨረሱትም።

ምሕረት እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጭንቅላቷን እየደባበሱ በጋሞኛ የሆነ ነገር ይሏታል። እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ፣ ምን እንዳሏት አልገባኝም። ውሃ ላምጣ? ልውጣላቸው? ልቀመጥ? ግራ ገባኝ። ያ መከረኛ ስክሪን ደግሞ በዚያው መሐል በራ። ቤቱ ፏ ብሎ መጣ።

ጋሽ ጫሬ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንተ ሥራህን ጨርስ» አሉኝ።

ምሕረት ከኋላቸው ሆና ራሷን ነቀነቀች። አትሥራ ማለቷ ነው።



ትናንት ደወለችልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ወስዳቸዋለች። የግራው ዓይን አይመለስም ተብሏል። ለቀኙ፣ ያለችውን ብርሃን ለማቆየት፣ ጠብታ ጀምረውላቸዋል። ቤቱ ለጊዜው ቆሟል።

«እሱ ግን ጠዋት ማታ ‹ያ ልጅ ጨረሰ ወይ?› ይለኛል... ምን ልበለው?» አለችኝ።



ያን ጠዋት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ እኔ አንዴ እንኳ ዓይናቸውን አላየሁም... ስክሪኑን ነበር የማየው።