ወደብ የረሳሁባት ደሴት

ዛሬ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ በመስኮት በኩል አንድ ሙሉ ባሕር አስገባሁላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቤቴ ጉዳይ «ካርታዎን ይዘው ይምጡ» ተብዬ ነበር። ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲባል የቦታውን ማረጋገጫ ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን መነጽር ሽማግሌ ያስመስለኛል የምል፣ ስድሳን የተሻገርኩ ጎረምሳ ነኝና፣ አልጋ ሥር ካሉት ሁለት ጥቅሎች አንዱን በዳበሳ አነሣሁ። ትልቁን። ቢሮ ትልቅ ወረቀት ይወዳል ብዬ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥቅሉን ፈታችና በጠረጴዛዋ ሙሉ ዘረጋችው። ከኋላዬ የተሰለፉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«አባባ፣ የእርስዎ ቤት የትኛው ነው? ውኃው ውስጥ ያለው ነው?»

«ግብሩን ዓሣዎቹ ይከፍሉላቸዋል!» አለ አንዱ ከሰልፉ።

ልጅቷ ደግ ናት። ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ፣ «ለማንኛውም አባባ፣ እዚህ ጠርዙ ጋ አይጥ በልቶታል፤ የተበላ ካርታ አንቀበልም» ብላ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ስትጠቀልለው አንድ ሽታ ሽው አለብኝ። የቁስል መድኃኒት፣ የላምባ ጭስና የተቆላ ገብስ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ይሸታል ብዬ ልሟገትህ አልችልም። ለእኔ ግን ሸተተኝ፤ ዓለም ከተማ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ራቤል ገባሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየ። ራቤል ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ማለቴ ባሕር አይቼ ሳላውቅ ስለ ባሕር የማስተምር ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ መምህራን ክፍል ገቡና ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን የአገር ካርታ በእርሳሳቸው እየጠቆሙ «ይቺ አገር አሁን የለችም፤ አውርዳት» አሉኝ። አወረድኳት። ቆይቶ አዲሱ መጣ፤ ወሰኑ ሁሉ ተለዋውጦ። ባሕሩ ግን አብሮ አልመጣም። አሮጌው ጀርባው ነጭ ሸራ ስለነበረ አሳዘነኝና ቤቴ ወሰድኩት።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ነበር። ሸራውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ማሠልጠኛ ሳለ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ አንድ ጨዋታ አሳይቷቸው ነበር፤ አንዱ ሰው አገር ፈጥሮ ካርታ ይሥላል፤ ዳኛው እሱ ነው። ሌሎቹ በዚያ አገር ውስጥ ማን እንደሚሆኑ ራሳቸው ይመርጣሉ። ዳኛው «ፊታችሁ ወንዝ አለ» ይላል፤ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የሚያጠራጥር ነገር ከመጣ ዕጣ ይጣላል። 

«አሸናፊው ማነው?» አልኩት።

«አሸናፊ የለም።»

«ታዲያ መቼ ያልቃል?»

«እሱን ሲያስረዳን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

ፈረንጆቹ ዕጣውን የሚጥሉት ብዙ ገጽ ባለው ጠጠር ነው አለ። ራቤል ውስጥ ብዙ ገጽ ያለው ነገር ሰው ብቻ ስለነበረ፣ እኛ በገብስ ቆሎ ተካነው። ተጫዋቹ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ይዘግናል፤ ዳኛው ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይቆጥራል። ጥንዱ ከሞላ ሐሳቡ ሰመረ። አንድ ፍሬ ብቻዋን ከቀረች ጎደለ፤ አልሆነም። ከዚያ ዕጣውን እንበላዋለን። በዚያ ብርድ ይህን የመሰለ ሕግ ያወጣ ፈረንጅ እስካሁን አልሰማሁም።

ክረምቱን ሙሉ ሣልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ደመናው በር ላይ ቆሞ ካልገባሁ ሲል፣ እኔ በግምባሬ ሸራው ላይ ተደፍቼ ነበር። የክብሪት እንጨት ርዝማኔ የአንድ ቀን መንገድ። ተራሮቹን በመስኮት ከማያቸው ገለበጥኳቸው። ሰማያዊ ቀለም ስለሌለን ጤና ረዳቱ ከጤና ጣቢያው ቁስል የሚቀባበትን ሐምራዊ መድኃኒት ትራፊ አመጣ፤ ስለዚህ ባሕራችን ሐምራዊ ሆነ። መንገዶቹን በቀይ መድኃኒት አሠመርን። የከተሞቹን ስም እንዲያወጣ ፈቅጄለት ነበርና አስፕሪን የሚባል ከተማና ክሎሮኪን የሚባል ገዳም አለን። ደሴቷን ግን እኔ ሰየምኳት፤ ማዶ አልኳት። ጣቶቼ እስከ መስከረም ሐምራዊ ሆነው ቆዩ። ተማሪዎቼ መምህሩ እከክ ያዘው ብለው ጠመኔ ከእጄ መቀበል ትተው ነበር።

ሦስተኛዋ ተጫዋች የመጣችው በእኔው ጅልነት ነው። የፈተና ጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስሰጥ የማዶ ተራሮች ዝርዝር አብሮ ሄደ። ጸሐፊዋ የደብሩ መሪጌታ ልጅ ናት፤ በታይፕ ከእሷ የሚፈጥን በጊሼ ወረዳ አልነበረም። ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«መምህር፣ ይህ ተራራ የት ነው? ልምታው ወይስ ልተወው?»

እውነቱን ነገርኳት። በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች በራችን ላይ ቆመች። 

ጤና ረዳቱ ደብተራ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ በየሳምንቱ ጋኔን እጠራለሁ ብሎ ገደል ይገባል። እሷ ባለመርከብ ልሁን አለች። መርከቧን ከእናቷ የወረሰች ሴት። ዓይኖቿን ሸራው ላይ ተክላ የማንመልሰውን ትጠይቀናለች። መርከብ ሲነሣ ድምፁ ምን ይመስላል? እኛ እንጃ! ዳኛ ነኝና ግን «አውቶቡስ ዳገት ሲጀምር እንደሚያጓራው ነው» አልኳት። አመነችኝ። የባሕር ሽታ ስትለኝ ጤና ረዳቱ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተታት። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። እሑድ እስኪደርስ ሳምንቱ ይረዝምብኝ ጀመር፤ ምክንያቱን ለራሴ እንኳ አልነገርኩም። ጨዋታው ነው እያልኩ።

ጥቅምት አልፎ፣ ገብሱ መወቃት ሲጀምር፣ ባለመርከቧ አገሩን ዞራ ጨረሰች። 

«ዳኛ፣ አሁን ወደ መርከቤ ልውረድ። ወደቡ የት ነው?»

ሸራውን አየሁ። ዞሬ አየሁት። ወደብ የለም! ደሴቷን ከዳር እስከ ዳር ገደል አድርጌያታለሁ፤ እነዚያን ጥርስ የመሰሉ ጭረቶች በፍቅር አንድ በአንድ ሥዬ። እኔ መሬት ሲያልቅ የማውቀው በገደል ነው። በእኛ አገር ሜዳው ይሄዳል ይሄዳልና ድንገት እግርህ ሥር ቆላ ይከፈታል። ቀስ እያለ ከውኃ ጋር የሚገናኝ መሬት አለ ብሎ የነገረኝ መጽሐፉ ብቻ ነበር፤ እጄ ደግሞ መጽሐፉን አልሰማም።

«ረሳሁት» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የጂኦግራፊ መምህር እንዴት ረሳሁ ይበል? «የድንጋዩ ዓይነት ወደብ አይፈቅድም» አልኳት።

«ጣቴን የምታህል ቦታ ስጠኝ።»

«ዕጣ ይውጣ እንግዲህ። ሦስት እሑድ ትሞክሪያለሽ።»

በመጀመሪያው እሑድ ዘገነች፤ ጎደለ። በሁለተኛውም ጎደለ። እነዚህ ሁለቱ የእግዜር ናቸው፤ እጄ የለበትም።

በመሃል ገበያ ላይ ወሬ ተነሣ። የመሪጌታ ልጅ ከሁለት ወንደላጤ ጋር ቤት ዘግታ ካርታ ትጫወታለች ተባለ። አየህ፣ ቃሉ አንድ ነው። የምንሥለውም ካርታ፣ ቁማርተኛው የሚበውዘውም ካርታ፣ ማዘጋጃ ቤት የሚጠይቀኝም ካርታ። ይሄ ቃል በእኔ ላይ ቂም ሳይኖረው አይቀርም።

በሦስተኛው እሑድ መሪጌታ ራሳቸው ከልጃቸው ጋር መጡ። ጤና ረዳቱ መቀመጫውን ለቆ ግድግዳ ተለጠፈ።

«ካርታ የምትጫወቱት እዚህ ነው?» አሉኝ።

እኔ ብልህ ነኝና፣ «አዎ መሪጌታ፣ ትልቅ ካርታ ነው!» ብዬ በኩራት ዘረጋሁት። ጤና ረዳቱ ዓይኑን ጨፈነ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። በሐምራዊው ባሕር ላይ የመስኮቱ ብርሃን ወድቆ ነበር። ጣታቸውን በገደሉ ዙሪያ አንድ ዙር አዞሩና «መውጫው ወዴት ነው?» አሉ።

«እሱን ነው የምጠይቀው አባባ» አለች ልጃቸው፤ ድምፅዋ እንግዳ ሆነብኝ።

እሳቸው አልተቆጡም። መደቡ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው «በሉ፣ ዕጣው ይውጣ፤ ልይ» አሉ።

ዘገነች። ዓይኗ ከሰፌዱ ይልቅ አባቷ ላይ ነበር፤ ቁጣቸውን ፈርታ ነው ብዬ አለፍኩት። ፍሬዎቹን በጥንድ በጥንድ ደረደርኩ። ከውጭ አንዲት በግ ታስላለች። መጨረሻ ላይ መዳፌ ሥር ሁለት ፍሬዎች ቀሩ። ሞልቷል። ወደብ ወጣ። መርከቧ ልትነሣ ነው፤ መርከቧ ከተነሣች ደግሞ ጨዋታው አለቀ፣ እሑድም አለቀ።

ለመቁጠር እንዲያመቸኝ አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼው ነበር። አንዷ ፍሬ ከጣቴ ጋር ተነሣች። ሳል እንደመጣበት ሰው እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ።

«ጎደለ» አልኩ።

መሪጌታ ብቻዋን የቀረችውን ፍሬ አይተው «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ተነሡ። ልጃቸው ቆሎውን አልበላችም። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ሳብ አድርጋ ተከተለቻቸው። ፍሬዋ ምላሴ ሥር ነበረች፤ ጠንካራ፣ ትንሽ ያረረች። ወጥተው እስኪሄዱ አላኘክኋትም።

ሰኞ ቢሮዋ ሄድኩ። ሌላ ዕጣ እንዳለ፣ አራተኛ እሑድ ሊጨመር እንደሚችል ልነግራት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ከታይፑ ሥር ደብዳቤ አውጥታ አሳየችኝ። አክስቷ ከባሕሩ ዳር፣ ከወደብ ከተማ የጻፈችው ነው። ጸሐፊ ይፈልጋሉ፣ ቦታውን ይዘንልሻል፣ ነይ ይላል። 

«አባባ አልፈቅድም ብሎ ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። የእኛ ካርታ ቁማር ሳይሆን ዕጣ ነው አልኩት። ሐዋርያትም በዕጣ መርጠዋል አለና፣ እንግዲያው ዓይኔ እያየ ከሞላ መርቄ እሸኝሻለሁ፣ ከጎደለ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ አለኝ።» ከዚያ ፈገግ ልትል ሞከረች። «ጎደለ፤ ምን ይደረጋል። እግዜር አልፈቀደም።»

እግዜር አልፈቀደም! ያልፈቀደው አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ጥርሱ ውስጥ የገብስ ገለባ ይዞ። አፌን ከፈትኩ፤ እመነኝ፣ ከፍቼዋለሁ። የወጣው ግን «የስምንተኛው ክፍል ፈተና ስንት ኮፒ ይወጣል?» የሚል ነበር።

«ሠላሳ» አለችኝና ወደ ታይፑ ዞረች።

ከዚያ በኋላ እሑድ አልመጣችም። ጤና ረዳቱ ብቻውን ገደል መግባት ሰለቸውና ተወው። እኔም ወደ ዓለም ከተማ ተዛወርኩ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጦርነት መጣና ወደዚያ ባሕር የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ አክስቷም እንደ ብዙው ሰው አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች አሉ። ይህን ስሰማ «እንኳንም ቀረች፤ አተረፍኳት» ብዬ ለአንድ ሳምንት ያህል ደረቴን ነፋሁ። በስምንተኛው ቀን ተነፈሰ። የሄዱትስ ባሕሩን አይተው ተመለሱ።

አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋት፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ። መሪጌታ ዓይናቸው ጠፍቶ እሷው እየመራች ታኖራቸው ነበር፤ ለእሳቸው መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ነው። ታይፑ በኮምፒውተር ሲተካ እሷም አብራ ከሥራ ወጥታለች። ከጉንጯ ሥር አንድ ጥርስ ጎድሏል። 

«ዳኛ! ወደቡስ?»

«በጀት አልተለቀቀም» አልኳት።

ሳቀች፤ እንደዚያ እንደ ጥንቱ። የራቤሉ አውቶቡስ ተነሣና ዳገቱን እያጓራ ሲጀምር መስኮቱን ገፋ አድርጋ፣ «መርከብ ሲነሣ እንዲህ ነው ያልከኝ፣ አይደል?» ብላ ጮኸች። እጄን አውለበለብኩ። ያኔም አልነገርኳትም።

አሁን ሸራው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። መነጽሬን አድርጌያለሁ፤ የሚያየኝ ሰው የለምና። ባሕሩ ደብዝዞ የቆየ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት መስሏል። ያቺ ደግ ልጅ ጠርዙ ተበልቷል ያለችኝን ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። አይጧ የበላችው ከሁሉ ቦታ መርጣ ገደሉን ነው፤ በምሥራቅ በኩል፣ ደሴቷ ወደ ሸራው ጠርዝ በምትጠጋበት፣ ጣት የምታህል። ጣቴን አስገባሁበት፤ ልክክ አለ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቃተኝን ወደብ አንዲት አይጥ አንድ ማታ ከፍታው አደረች።

ሄዶ ለእሷ ለማሳየት ከዚህ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በወዲያኛው ገደል መውጣት ነው። መንገዱ መንገድ አይደለም፣ ጉልበቴም ጉልበት አይደለም። መሪጌታ ካረፉ ቆይቷል፤ እሷ እዚያው ራቤል ናት አሉ፤ ብቻዋን። ደግሞ ደርሼስ ምን እላታለሁ? ወደቡን አይጧ ከፍላልኛለች። የእኔ የራሴ ዕዳ ግን እንዳለ ነው፤ አንዲት የገብስ ፍሬ፣ ትንሽ ያረረች።